የገጽ አሥራ ሰባት ምልክት

የካቲት 4፣ ሰኞ

የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴው ዛሬ ጽሑፎቼን ተረከበ። ሊቀመንበሩ ክምሩን በሁለት እጁ ከፍ ዝቅ አደረገና «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ። አንዱንም ሳይገልጥ። ይሄ ሰው በፊዚክስ ዶክትሬት አለው ቢባል ማን ያምናል? ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ላይ ስሙ ሚዛን ነው።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለቴም «ለጊዜው ይቆይ» ተብያለሁ። ደንቡ ከሦስት በላይ ስለማይፈቅድ ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ማዕረጉ ለራሱ ግድ አይሰጠኝም። የሚያናድደኝ ሦስት መስመር ስሌት ያለ ኮምፒውተር መሥራት የማይችሉ ልጆች በሬን አልፈው ሲሄዱ እርስ በርስ «ፕሮፍ» መባባላቸው ነው። ስብሰባ ላይ ስም ሲጠራ እኔ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የማይታወቀኝ ይመስላቸዋል።

ደብተሩን የገዛችልኝ ባለቤቴ ናት። «ንዴትህን እራት ላይ ከምታመጣው እዚህ ላይ አራግፈው» አለችኝ። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ቀለም አይመጥም።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ሁለተኛ ዓመቶችን አስተማርኩ። ሰባ ሁለት ተማሪ፣ አንድ ጥያቄ፤ እሱም «ፈተና ላይ ይወጣል?» የሚል። አይወጣም አልኩ። ሰባ ሁለት እስክሪብቶ ባንዴ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ስወርድ ደረጃው ሥር ሁለት መምህራን ያወሩ ነበር። አላዩኝም። «ሰውዬው እኮ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ባንድ ጽሑፍ ነው የኖረው» አለ አንደኛው። ሌላው ሳቀ። እነሱ በሃያ አራት ጽሑፍ አንድ ዓመት አይኖሩም። ይሄን ዞር ብዬ ልነግራቸው ይገባ ነበር። የመጣልኝ ግን ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

የካቲት 11፣ ሰኞ

አዲሷ መምህር ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቢሮዬ መጣች። አምና ነው የተቀጠረችው። ጠመኔ ስትነካ አይቻት አላውቅም። ጣቶቿ ንጹሕ ናቸው፤ ለእኔ ይሄ በቂ ማስረጃ ነው።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት ነበር። ስለዚያ ጽሑፍዎ።»

«የትኛው?» አልኳት፣ ብዙ እንዳለኝ ሁሉ።

ያ ጽሑፍ የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በአንድ የሞተ ኮከብ ዙሪያ የሚሽከረከር ስስ የቁስ ቅርፊት ቢነካ ምን ይሆናል? ትንሽ ተንቀጥቅጦ ይረጋጋል፣ ወይስ መንቀጥቀጡ እየባሰበት ሄዶ ይበጣጠሳል? እኔና አንድ ጓደኛዬ በአርባ ገጽ ስሌት «ይረጋጋል» አልን። ሌሎች በዚያ ላይ ተመሥርተው ጻፉ። ሁለት የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገብቷል። አንደኛው ላይ በግርጌ ማስታወሻ ነው፤ ቢሆንም ገብቷል።

«በኮምፒውተር ደግሜ ሠርቼው ነበር» አለች። «እኔ ጋ አይረጋጋም። መጀመሪያ የራሴ ስህተት መስሎኝ ሦስት ሳምንት ፈለግኩ። ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ያለው ማይነስ ፕላስ መሆን ያለበት ይመስለኛል።»

«ይመስልሻል?»

«መሆን አለበት ማለቴ ነው።»

ማሽን ያቦካውን እኔ በእጄ እንደማጣራው ነግሬ በሩን አሳየኋት። «አመሰግናለሁ ዶክተር» ብላ ወጣች። የምን ምስጋና እንደሆነ አልገባኝም።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ተሳስታለች። ጠዋት ቢሮዬን ቆልፌ ሠራሁት። ሰሌዳው ሁለት ጊዜ ሞልቶ ተጠረገ። ማይነስ ወጣ። የአራት ሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ረሳሁ፤ የክፍሉ አለቃ መጥቶ አንኳኳ።

(የጀመርኩት ከገጽ አሥራ ስምንት ነው። ከገጽ አንድ መጀመር ነበረብኝ። ነገ።)

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

ከገጽ አንድ። ሦስት ጊዜ፣ በሦስት መንገድ። ፕላስ። ፕላስ። ፕላስ።

ደክሞኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ሦስት ጊዜ አይደክምም። ቅርፊቱ አይረጋጋም። ይህን ሁሉ ዓመት ተረጋግቶ የኖረው በእኛ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ምሳውን ሁለት ጊዜ አሞቀችው። «ማን ሞተ?» አለችኝ። ማንም አልሞተም አልኳት። «እንግዲያው ብላ።»

የካቲት 20፣ ረቡዕ

ሚዛን አስጠራኝ። ልጅቱ አስተያየቷን በጽሑፍ ለኮሚቴው አስገብታለች። በደንቡ መሠረት አንድ መምህር ለማዕረግ ሲያመለክት የክፍሉ ባልደረቦች በሙሉ አስተያየት እንዲሰጡ ይጠየቃሉ። ማንም ሰጥቶ አያውቅም። እሷ የተጻፈ ደንብ ሁሉ የሚሠራ ይመስላታል።

ሚዛን በሩን ዘጋ፣ ክፉ ወሬ እንደሚያረዳ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ፣ ይሄ ነገር አያስጨንቅህ። ጽሑፉ የሁለት ሰው ነው አይደል? ገጽ አሥራ ሰባት የማን ድርሻ ነው?»

መግቢያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። እስከ አሥራ ሰባት ያለውን የሠራው እሱ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ነው።

«የጓደኛዬ» አልኩ።

«በቃ! እሱ ተሳሳተ፣ አንተ የተሰጠህን ተቀብለህ ቀጠልክ። የሰው ስህተት ባንተ አይቆጠርም። ይህንኑ በአጭሩ ጽፈህ እሱ አምኖ ይፈርምበት። እስከ መጋቢት ሃያ ካመጣህልኝ ያለቀ ነገር ነው።»

«የእሱ ባይሆንስ?»

«እንዲያማ ከሆነ ማመልከቻህን ብታነሳ ይሻልሃል» አለ፣ ወረቀት ማስተካከል ጀመረ።

እንዲህ ያለ ደነዝ እንዲህ ያለ ብልህ መንገድ ማግኘቱ ገረመኝ። እውነቱን ልጻፍ ከተባለ እፎይ አልኩ። ማታም ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የካቲት 25፣ ሰኞ

ጽሑፉን አብሮኝ ስለጻፈው ስለ ቀጭኑ ልጻፍ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ለዶክትሬት ስንማር አራት ዓመት ባንድ ጠባብ ክፍል፣ ባንድ ሰሌዳ ኖረናል። ሲያሰላ እንደሚጸልይ ሰው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ቀርፋፋ ነበር። እኔ መልሱን ሳየው እሱ ገና ጥያቄውን ያያል። እርግጥ ተሳስቶ አይቼው አላውቅም። ያን ያህል የሚንቀራፈፍ ሰው ለመሳሳትም ጊዜ አያገኝ።

በእኛ ሥራ ሁለት የአጻጻፍ ልማድ አለ። አንዳንዱ ጊዜን በፕላስ፣ ቦታን በማይነስ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ተቃራኒውን። ሁለቱም ትክክል ነው፤ ክልክሉ መደባለቅ ነው። እኔ ባንደኛው እጽፍ ነበር፣ እሱ በሌላው። ያስጨቃጨቀን ይሄ ነገር ብቻ ነው። እኔ የእሱን አጻጻፍ የኋላ ቀር አጻጻፍ እለው ነበር፣ እሱ ይስቅ ነበር። ጽሑፉን ያቀናጀሁትና የተየብኩት እኔ ነኝ። የእሱ ድርሻ እኔ ጋ ሲደርስ የመጨረሻውን ምልክት ገልብጬ ወደ እኔ አጻጻፍ አመጣሁት። ቀላል ሥራ ነው፣ የአንድ ደቂቃ።

ጽሑፉ በታተመ በስድስት ወሩ ሁሉን ትቶ ሄደ። አሁን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ከጎረምሳ ጋር ሲሯሯጥ ይውላል። ለምን እንደተወ ጠይቄው አላውቅም። የማይችል ሰው ሲተው ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

የካቲት 29፣ ዓርብ

ደብዳቤውን ጻፍኩ። አራት መስመር። «በገጽ አሥራ ሰባት የተፈጠረው የምልክት ስህተት የመጀመሪያውን አጋማሽ ያዘጋጀሁት የእኔ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ከሥሩ የፊርማ ቦታ።

ለባለቤቴ አነበብኩላት። ፋርማሲስት ናት፣ የሰው ነገር በቀላሉ አታምንም። «የድሮዎቹን ወረቀቶች አይተሃል?» አለች።

«የት አሉና?»

«ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ካርቶን ውስጥ። ልትጥላቸው ስትል ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ።»

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ካርቶኑን አወረድን። አቧራው አስነጠሰን። ገጽ አሥራ ሰባት በቀጭኑ ክብ ክብ ጽሑፍ። መጨረሻው ላይ ምልክቱ ፕላስ።

ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጥቃቅን ነገር ተጽፏል። እኔ ማንበብ አቃተኝ። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ የሐኪም ጽሑፍ ስትፈታ የምትውል ናት፤ ወረቀቱን መብራት ሥር ይዛ ወዲያው አነበበችው። «'እንዳይደክምህ ብዬ ወደ አንተ አጻጻፍ ቀይሬዋለሁ' ነው የሚለው።»

በእርሳስ። ቁም ነገር በእርሳስ ይጻፋል? ማንም ሰው ሊያልፈው ይችል ነበር።

«ምን ማለቱ ነው?» አለች።

«ስለ አጻጻፍ ነው።»

«ታዲያ ፊትህ ምን ሆነ?»

አቧራው ነው አልኳት።

እሱ ለእኔ ብሎ ገልብጦታል። እኔ ያንኑ ድጋሚ ገለበጥኩት። የሰጠኝ ትክክል ነበር።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ያየችው ባለቤቴ ብቻ ናት፣ እሷም ትርጉሙን አታውቅም።

ዛሬ አንድ ሦስተኛ ዓመት ሰሌዳ ላይ ምልክት ሳተ። «ተቀመጥ፣ ይሄ ነገር ለአንተ አይሆንም» አልኩት። ልጁ ጠመኔውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሌላ ቀን ቢሆን ረስቼው ነበር። ዛሬ ግን እስክወጣ ድረስ ያን ልጅ ላለማየት መስኮት መስኮቱን ስመለከት ነበር።

አዲሷ መምህር ሻይ ቤት ውስጥ ከወንበሯ ተነስታ ሰላም አለችኝ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ሄድኩ። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ወላጅ ነዎት?» አለኝ። እንዲህ ያለ ቦታ የሚመጣው ልጁ ያጠፋ ሰው ብቻ ነው መሰለኝ።

ቀጭኑ ወፍሯል። ሲያየኝ ጠመኔ በያዘበት እጁ አቀፈኝ፣ ኮቴ ነጣ። «አንተ ሰውዬ! አለህ እንዴ?» ባዶ ክፍል ውስጥ የተማሪ ዴስክ ላይ ተቀመጥን፤ የሁለታችንም ጉልበት ከሥሩ አልገባ አለ። ስለ ልጆቹ ነገረኝ፤ ትልቋ ተድራለች። እኔ ስለ ኮሚቴው ነገርኩትና ደብዳቤውን አወጣሁ። በመንገድ ላይ ረጅም ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር።

መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ማብራሪያዬን ሳልጀምር ፈረመ።

«ይቺ ነገር አሁንም አለች?» አለ እየሳቀ። «እውነት ነው፣ የእኔ ጥፋት ነው። ታትሞ የመጣ ዕለት ነው ያወቅሁት። እኔ ፕላስ ብዬ ሰጥቼህ አንተ ማይነስ አድርገኸዋል። በቃ አርሞኛል አልኩ። የት ጋ እንደሳትኩ አንድ ወር ሙሉ ፈለግኩ፣ አላገኘሁትም። የተሳሳተበትን እንኳ ማየት የማይችል ሰው በዚህ ሥራ ምን ያደርጋል? ተውኩት።»

«በዚያ ምክንያት ነው የተውከው?»

«በምን መስሎህ ነበር?»

ምንም አልመሰለኝም ነበር። አስቤው አላውቅም።

ደብዳቤዬ የትኛው ምልክት ትክክል እንደሆነ አይናገርም። እሱ የታተመው ልክ ነው ብሎ ነው የፈረመው። አፌን መክፈት ነበረብኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ፣ «ለማዕረጉ እንኳን ደስ ያለህ ከወዲሁ» አለኝ።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

ሁሉም ነገር በእጄ ነው። ለሚዛን ልሰጥ ሄጄ ስብሰባ ላይ ስለነበረ ተመለስኩ።

አልነበረም። በሩ ክፍት ነበር፤ አይቶኝ እጁን ሁሉ አውለብልቧል። ለራሴ ደብተር መዋሸት ጀመርኩ ማለት ነው።

ባለቤቴ ጠየቀችኝ። «ፈረመ?»

«ፈረመ።»

«ያቺን የእርሳሷን አሳየኸው?»

ጋዜጣ አነሳሁ። ቆማ ጠበቀችኝ። «እኔ ፊዚክሱን አላውቀውም» አለች። «ጽሑፉ ግን 'እንዳይደክምህ' ነው የሚለው። ሰው እንዳይደክመው ብሎ ለሠራለት ሰው እንዲህ አይደረግም።» ጋዜጣውን ተገልብጦ እንደያዝኩት ያየሁት እሷ ከወጣች በኋላ ነው።

አፍሬያለሁ። ሚዛንን እንቃለሁ፣ ልጅቱን እንቃለሁ፣ ሰባ ሁለቱንም እንቃለሁ። ያ ሁሉ ንቀት ግን ማንንም አልጎዳም፤ ቢበዛ ሳቁብኝ። ቀጭኑን የናቅኩት ጊዜ ግን የሰው ዕድሜ ሄደ። ሞኝ ስለመሰለኝ አልጠየቅኩትም፤ ከጎኔ ተቀምጦ ሳለ ዞር ብዬ «ቀይረኸዋል?» አላልኩትም። አንድ ቃል ነበር።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

የእርሳሷን ወረቀት ይዤ ወደ ቀጭኑ ተመለስኩ። ከፊቱ አስቀመጥኩለት። «ደብዳቤው ልክ አይደለም» አልኩ። «ፕላሱ ነው ትክክል። ያንተው።»

የገዛ ጽሑፉን አነበበ። ከንፈሩ ቆመ። ተነስቶ ሰሌዳውን ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ደወል ተደወለ፣ ተማሪዎች ገብተው ተቀመጡ፤ አልዞረም። አንድም ቦታ አልቆመም፣ አንድም ነገር አላጠፋም። ቀርፋፋ ያልኩት ሰው ነው። ሰሌዳው ሲያልቅ ፕላሱን ጽፎ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ልክ ነበርኩ» አለ።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ይቅርታ አልኩ መሰለኝ፤ ድምፄ ይውጣ አይውጣ እርግጠኛ አይደለሁም።

በእጁ ተማሪዎቹን አሳየኝ። «እነዚህን ልጆች፣ ከእነዚህ በፊት ደግሞ ስንቱን፣ ፕላስና ማይነስ መለየት አቅቶት የተባረረ ሰው ነኝ እያልኩ ሳስቃቸው ነው የኖርኩት። አሁን ምን ልበላቸው?» «በል ውጣልኝ፣ ክፍለ ጊዜ አለኝ።»

የፈረመበትን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

መጋቢት 19፣ ሐሙስ

ለመጽሔቱና ለኮሚቴው የሚላክ የአንድ ገጽ ማረሚያ ጻፍኩ። የእሱን ስም አስቀደምኩ። ጥሩ ጽሑፍ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ለቀጭኑ እንዲያደርስልኝ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጠሁት፤ ከሰዓት በኋላ ሄጄ ተቀበልኩት።

በቀይ እስክሪብቶ አርሞታል። «በዝግጅቱ ወቅት በገጽ አሥራ ሰባት ላይ የምልክት ስህተት ተፈጥሯል» ያልኩት ላይ ወፍራም መስመር አስምሮ ጎኑ ላይ «ማን ፈጠረው?» ብሏል። ከላይ ሦስት ከአሥር። ከታች «ተሠርቶ ይምጣ»።

ተናደድኩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ! አውቶቡስ ውስጥ ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ ወዲያ የምናደድበት አጣሁ።

መጋቢት 20፣ ዓርብ

«ትክክለኛውን ምልክት ባልደረባዬ ሠርቶ፣ ወደ እኔ አጻጻፍም ቀይሮ ሰጥቶኝ ነበር። ሳልጠይቀው ለወጥኩት። ስህተቱ የእኔ ነው።» ይሄን ለመጻፍ ከጠዋት እስከ አምስት ሰዓት ፈጀብኝ።

ሚዛን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ሲያነብ ዛሬ ገና አየሁት። «ይሄን ካስገባህ ማዕረጉ የለም፤ ገብቶሃል?»

ገብቶኛል አልኩ።

«ምልክት ብቻ እኮ ነው» አለኝ። ከልቡ አዝኖልኝ ነበር። ማመልከቻዬን ማንሳቴን ፈረምኩለት። በኮሪደሩ አዲሷን መምህር አገኘኋት። ልክ እንደነበረች ነገርኳት። ደግነቱ ሌላ አልጠየቀችም።

ግልባጩን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍል ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ተቀበለኝ፣ ቆሞ አነበበው፣ «እሺ» አለና ገባ። ግባ አላለኝም። መስኮቱ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ከውስጥ ድምፁ ይሰማል። ወረቀቱን ለልጆቹ እያነበበላቸው ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል። «ሳልጠይቀው ለወጥኩት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

አንዲት ልጅ «መምህር፣ ሰውዬው ማን ናቸው? ጓደኛዎ ናቸው?» አለች።

ወረቀቱ ሲታጠፍ ተሰማኝ።

«አብሮኝ ይማር የነበረ ሰው ነው» አለ። ቀጥሎ ደብተር እንዲያወጡ ነገራቸው።